ማኮብኮቢያውን የዘጋው ምንድን ነው? ስለ ድሮንና ስለ አውሮፕላን ማረፊያዎች ደኅንነት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የመድረኩ አዘጋጆች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ የድሮን ባለቤቶች፣ እናንተም ወደ አቪዬሽን ሙያ ለመግባት በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ግብዣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

ሃያ ሁለት ዓመት በመቆጣጠሪያ ማማ ውስጥ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራውን ስጀምር የሚያስጨንቁን ነገሮች የታወቁ ነበሩ፤ ጭጋግ፣ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ፣ ድንገተኛ የነፋስ ለውጥ፣ በማኮብኮቢያው ዙሪያ የሚሰፍሩ ወፎች። በጀርባ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ማንም ሰው ገዝቶ በዕለቱ ሊያበርረው የሚችል የፕላስቲክ ዕቃ አንድን ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ለሰዓታት ሊዘጋ ይችላል ብሎ የነገረን አልነበረም፤ ቢነግረንም የምናምነው አይመስለኝም። ዛሬ ግን እውነታው ይኸው ነው።

ንግግሬ በሦስት ነጥቦች ላይ ያተኩራል። አንደኛው፣ ይህ ትንሽ ዕቃ ያን ግዙፍ አውሮፕላን ለምን ያሰጋዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በሰማይ ላይ ያለው ነገር በእርግጥ ድሮን መሆኑን ማወቅ ለምን እንዲህ ከባድ ሆነ የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ እንዴት እናስቁመው የሚለው ነው። በሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሦስተኛውን ቢሆንም፣ ችግሩ የተቋጠረው ሁለተኛው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ብዙ ሰዎች «አውሮፕላን ከወፍ ጋር ተጋጭቶ በሰላም ያርፍ የለም ወይ? ድሮን ከወፍ በምን ይብሳል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአውሮፕላን ሞተሮችና የፊት መስታወቶች አገልግሎት ላይ ከመዋላቸው በፊት የወፍ ግጭትን የመቋቋም አቅማቸው ይፈተሻል። ነገር ግን ወፍ ሥጋና ውኃ ነው፤ ሲመታ ይፈርጣል። ድሮን ደግሞ በውስጡ የብረት ሞተሮች፣ ጠጣር ባትሪና ካሜራ ይዟል፤ እነዚህ አይፈርጡም፣ ይበሳሉ። በ2017 ይፋ የሆነ፣ በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ድጋፍ በዩኒቨርሲቲዎች የተካሄደ ጥናት፣ ክብደታቸው እኩል የሆነ ድሮንና ወፍ አውሮፕላንን ቢመቱ የድሮኑ ጉዳት የከፋ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። በኦክቶበር 2017 በካናዳ ኩቤክ ከተማ ለማረፍ በመቃረብ ላይ የነበረ፣ ስምንት ሰዎችን የያዘ አነስተኛ አውሮፕላን 450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከድሮን ጋር ተጋጭቷል፤ እንደ እድል ሆኖ በሰላም አርፏል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በኒውዮርክ ስታተን ደሴት አቅራቢያ አንድ የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር በድሮን ተመትቶ ነበር። እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ምቱ ብቻ አይደለም። የድሮኑ ባለቤት ዕቃውን በዓይኑ ሊያየው ከማይችልበት ርቀት ልኮት ስለ ነበር፣ መርማሪዎች ከሄሊኮፕተሩ ላይ ያገኙትን የድሮን ሞተር ይዘው በአምራቹ መዝገብ በኩል ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ሄሊኮፕተር መምታቱን አያውቅም ነበር። በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት ስትቃጠል ደግሞ፣ እሳቱን በካሜራ ለማየት የተላከ አንድ ድሮን ውኃ የሚረጭ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ አውሮፕላኑን ለቀናት ከሥራ ውጪ አድርጎታል። የሰዎች ቤት እየነደደ ባለበት ሰዓት!

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እዚህ ላይ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ።

ዲሴምበር 19 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ለንደን አቅራቢያ በሚገኘው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የጥበቃ ባልደረባ ድሮን ማየቱን አሳወቀ። ማኮብኮቢያው ተዘጋ። ሊከፈት ሲል ሌላ ሰው አየሁ አለ፤ እንደገና ተዘጋ። የአውሮፓውያን የገና በዓል ሊከበር ጥቂት ቀናት በቀሩት በዚያ ሳምንት አንድ ሺህ ያህል በረራዎች ተሰረዙ ወይም ወደ ሌላ ማረፊያ ተዛወሩ፤ 140,000 የሚሆኑ መንገደኞች ተስተጓጎሉ፤ ጦር ሠራዊቱም ለእርዳታ ተጠራ። ፖሊስ አንድ ባልና ሚስት አስሮ ያለ ክስ ለቀቃቸው፤ በኋላም ካሳ ከፈላቸው። ምርመራው በ2019 ሲዘጋ አንድም ሰው አልተከሰሰም። ከመቶ የሚበልጡት ጥቆማዎች ተዓማኒ ናቸው ቢባልም፣ በፎቶግራፍ ወይም በቪዲዮ የተረጋገጠ ማስረጃ አልተገኘም። ታየ ከተባሉት መካከል አንዳንዶቹ ፖሊስ ራሱ ለፍለጋ ያሠማራቸው ድሮኖች ሊሆኑ እንደሚችሉም የፖሊስ አዛዡ በይፋ ተናግረዋል።

እኔ በዚያ ምሽት ድሮን አልነበረም አልልም። የዓይን ምስክሮቹ ብዙ ነበሩ፤ በመካከላቸውም የአውሮፕላን ማረፊያውን ሰማይ በየቀኑ የሚያዩ ሠራተኞች ነበሩበት። እኔ የምለው፣ ያ ሁሉ ሰው የተጉላላው አለ ወይስ የለም የሚለውን ማረጋገጥ የሚችል መሣሪያም አሠራርም ስላልነበረ ነው። ይህን በሚገባ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ማኮብኮቢያውን የዘጋው ድሮኑ ብቻ አልነበረም፤ ማወቅ አለመቻሉም ዘግቶታል።

ይህን ስል በሌሎች ለመፍረድ አይደለም፤ ከራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ገብታ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም፣ ሰባት አውሮፕላኖች ተራ ይዘው ለማረፍ እየመጡ ነበር። የመጀመሪያው አብራሪ በራዲዮ፣ «ከግራ ክንፌ በታች ጥቁር ነገር አለፈ፤ ድሮን ይመስላል» አለኝ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በአቅራቢ መነጽር ወደ ሰማዩ ተመለከትሁ፤ ከደበዘዘው አድማስ በቀር የሚታይ አልነበረም። ራዳሩን አየሁ፤ ምንም የለም። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ስድስት አውሮፕላኖች ከኋላ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሰው አለ። ማኮብኮቢያውን ዘጋሁት።

መዝጋት አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። አንድ አውሮፕላን የሚይዘው ነዳጅ ለጉዞው የሚበቃ፣ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰውና ከዚያ በላይ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይነካ የተደነገገ የመጨረሻ መጠባበቂያ ነው፤ ይህም ለጄት አውሮፕላን የ30 ደቂቃ በረራ ያህል ነው። ስድስቱን በሰማይ ላይ እንዲዞሩ ሳደርግ የእያንዳንዳቸው ሰዓት መቁጠር ጀመረ። አራተኛው አብራሪ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ለመጠበቅ ያለኝ 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ መሄድ አለብኝ» አለ። እጄ ላብ አጥምቆት ስለ ነበር እስክሪብቶው ይንሸራተትብኝ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ሁለቱን ወደ ሌላ ማረፊያ ላክሁ፤ አራቱ ጠበቁ።

ከ45 ደቂቃ በኋላ የጥበቃ መኪናው በማኮብኮቢያው መዳረሻ ካሉት የመብራት ምሰሶዎች በአንዱ ላይ ክሩ የተጠመጠመ ጥቁር ፊኛ አገኘ። ማታውኑ ማማው ድረስ አመጡልኝ፤ ግማሹ ተንፍሷል፣ ጤዛ አርጥቦታል፣ ጫፉ ላይ ብርማ ጥብጣብ ታስሮበታል። አብራሪው ያየው እሱን ነበርን? ወይስ ፊኛው ከቀናት በፊት እዚያ የተጠመጠመ ነበር? ይኸው ስንት ዓመቱ፣ መልሱን አላውቅም። ዝጋ ብዬ ላዘዝሁት ለዚያ 45 ደቂቃ ዛሬም እርግጠኛ የሆነ ምክንያት ልሰጣችሁ አልችልም።

ራዳሩ ለምን አላየም ትሉ ይሆናል። የአውሮፕላን ማረፊያ ራዳር በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላል፤ ሁለተኛው ደግሞ አውሮፕላኑን ይጠይቀዋል፣ አውሮፕላኑም በተገጠመለት መሣሪያ ማንነቱንና ከፍታውን ይመልሳል። ድሮን ይህ መላሽ መሣሪያ የለውም። በመጀመሪያው መንገድ እንዳይታይ ደግሞ አካሉ ትንሽና ፕላስቲክ ነው፤ የሚመልሰው ሞገድ ከወፍ አይበልጥም፤ ዝቅ ብሎና ቀስ ብሎ ይበርራል። እኛ ደግሞ ስክሪኑ በወፍ እንዳይሞላ ብለን እንዲህ ያለውን ትንሽና ዘገምተኛ ምልክት ራዳሩ እንዲያጣራው አድርገናል። ወፍን ለማስወገድ የሠራነው ማጣሪያ ድሮኑንም አብሮ ያስወግደዋል ማለት ነው።

የሰው ዓይንስ? በተለይ በምሽት የሰው ዓይን ርቀትን መገመት አይችልም። በቀጥታ ወደ እናንተ የሚመጣ አውሮፕላን መብራት ለደቂቃዎች ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። በ2024 መጨረሻ በአሜሪካ ኒውጀርሲ ግዛት ሰማዩ በድሮን ተወርሯል ተብሎ ሕዝቡ ሲጨነቅ፣ ለፌዴራል የምርመራ ቢሮው ከ5,000 በላይ ጥቆማዎች ደርሰዋል፤ ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋቸዋል የተባሉት ግን 100 ያህል ብቻ ነበሩ። ታዩ የተባሉት በሕጋዊ መንገድ የሚበርሩ ድሮኖች፣ መደበኛ አውሮፕላኖች፣ ሄሊኮፕተሮች፣ እንዲያውም ከዋክብት እንደ ነበሩ የመንግሥት ተቋማቱ በጋራ አስታውቀዋል። በዚያው ሰሞን ሰዎች ድሮን ነው ብለው የጨረር መብራት ወደ አውሮፕላኖች ማነጣጠር አብዝተው ነበር። ስጋቱ ራሱ ሌላ አደጋ ወለደ፤ የጨረር መብራት የአብራሪን ዓይን ያጭበረብራልና።

ግን ተሳስታችሁ እንዳትረዱኝ። ስጋቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 የኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያ ለአራት ሰዓት ያህል ተዘግቷል፤ በዚያው ምሽት ኦስሎም ተዘግቶ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ በሙኒክ 17 በረራዎች ሳይነሡ ቀርተው 3,000 ያህል መንገደኞች ተስተጓጉለዋል፤ ብዙዎቹም በማረፊያው ውስጥ በተዘረጋላቸው ታጣፊ አልጋ ላይ አድረዋል። በኖቬምበር ደግሞ የብራስልስ ተራ ሆነ። በእያንዳንዱ ቦታ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በእርግጥ ምን ነበር? ማን ላከው? ከየት ተነሣ?

ሦስተኛው ነጥብ፦ እንዴት እናስቁመው?

በዚህ ጉዳይ በተናገርሁ ቁጥር አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ለምን ተኩሳችሁ አትጥሉትም?» ይለኛል። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት አንድ ቦታ ይወርዳል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ነዳጅ የተሞሉ አውሮፕላኖች፣ መንገደኞችና በዙሪያው የሰው መኖሪያ ያለበት ስፍራ ነው። የራዲዮ ሞገድ ማፈኛስ? ማፈኛ የድሮኑን ግንኙነት ሲያፍን አጠገቡ ያለውን ሌላ ሞገድም ሊያውክ ይችላል። አውሮፕላኖቻችን ወደ ማኮብኮቢያው የሚወርዱት በራዲዮ ሞገድና በሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ እየተመሩ ነው፤ እነሱን የምናውክ ከሆነ ከድሮኑ የባሰ አደጋ በገዛ እጃችን እንጋብዛለን። ከዚህም ሌላ፣ አስቀድሞ በተሞላለት መስመር የሚበርር ድሮን የሚታፈን ግንኙነት የለውም፤ በዩክሬን ጦርነት እንዳየነው በቀጭን የፋይበር ገመድ የሚታዘዘውንም ማፈኛ አይነካውም። የኔዘርላንድስ ፖሊስ ድሮን የሚይዙ ንስሮችን እስከ ማሠልጠን ደርሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው።

አንድ ጊዜ የማፈኛ መሣሪያ ሙከራ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከማኮብኮቢያው ርቆ በሚገኝ ሜዳ ላይ ባለሙያዎቹ ድሮን አስነሥተው መሣሪያውን አበሩት። አብዛኞቹ ድሮኖች ግንኙነት ሲቋረጥባቸው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋሉ፤ ባሉበት ይቆማሉ፣ ያርፋሉ፣ ወይም ተነሥታችሁበታል ተብሎ ወደ ተመዘገበላቸው ቦታ ይመለሳሉ። የዚያን ቀኑ ድሮን ሦስተኛውን መረጠ። የመመለሻ ቦታው ግን ቀደም ሲል ከተደረገ ሌላ በረራ የቀረ ነበርና፣ ድሮኑ ዞሮ ሁላችንንም ትቶ በአጥሩ አቅጣጫ በረረ። ባትሪው አልቆ ሣር ላይ እስኪወድቅ ድረስ በመኪና ስንከተለው ነበር። ያን ዕለት ማኮብኮቢያው ለጥገና ተዘግቶ ባይሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደ ነበር አስቡት። ስለዚህ ኃይል መጠቀም አይገባም አልልም፤ መረብ የሚወረውሩ አሳዳጅ ድሮኖችም፣ ማፈኛም በሠለጠነ እጅና በግልጽ ትእዛዝ ሥር ቦታ አላቸው። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች መሆን አለባቸው።

ታዲያ የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው? ታርጋ ነው። መኪና ያለ ታርጋ መንገድ ላይ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ድሮንም በሚበርርበት ጊዜ መለያ ቁጥሩን፣ ያለበትን ቦታና የአብራሪውን መገኛ በሞገድ እያሰራጨ መብረር አለበት። በአሜሪካ ይህ ግዴታ በድሮን አብራሪዎች ላይ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ተጥሏል። ወንጀለኛ ታርጋውን ያጠፋል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ሕጋዊዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ካሳወቁ፣ ዝም ያለው ይለያል። ማማ ላይ ያለው ሰው ከመቶ ጥቆማ ዘጠናውን በአንድ እይታ መለየት ከቻለ፣ ቀሪውን ለማጣራት ጊዜ ያገኛል። የዓለማችን ትልቁ ድሮን አምራች ዲጄአይ በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ የሚበርሩ ድሮኖቹ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ እንዳይነሡ ያግድ የነበረውን ሶፍትዌር አንሥቶ በማስጠንቀቂያ ብቻ መተካቱ በበኩሌ ትክክል አልመሰለኝም። ተንኮለኛን ባያስቆምም፣ ያላወቀውን ሰው ያስቆም ነበርና።

ቀጥሎ የሚመጣው በአንድ መሣሪያ አለመተማመን ነው። ለትናንሽ ነገሮች የተሠራ ራዳር አለ፤ የድሮኑንና የሪሞቱን ሞገድ የሚያደምጥ መቀበያ አለ፤ የቀንና የሙቀት ካሜራ አለ። ራዳሩ ወፉንም ያሳያል፤ መቀበያው ሞገድ የማይልከውን አይሰማም፤ ካሜራው ጭጋግ ይጋርደዋል። ሦስቱ ሲቀናጁ ግን አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሞገድ የሚያደምጠው መቀበያ ሪሞቱን የያዘው ሰው የቆመበትን ቦታ ሊጠቁም መቻሉ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል፤ ፖሊስ መሄድ ያለበት ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደዚያ ሰው ነውና። ጋትዊክና ሌላው የለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ሂትሮው ከ2018ቱ ክስተት በኋላ መፈለጊያ መሣሪያዎች ገዝተዋል። ለምን ሁከቱን ጠበቁ? እኛስ ለምን እንጠብቃለን?

መሣሪያ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አሠራርም ያስፈልጋል። የምለምናችሁ ይህንን ነው፤ በተለይ እናንተ ደንብ የምታወጡ፣ ይህንን ስሙኝ። ማኮብኮቢያውን ማን ይዘጋል የሚለው በየቦታው ተጽፏል፤ ማን ይከፍታል፣ በምን ማስረጃ ይከፍታል የሚለው ግን ተጽፎ መቀመጥ አለበት። የተዘጋ ማኮብኮቢያ በየ15 ደቂቃው እንደገና መመዘን አለበት። አንድ ያልተረጋገጠ ጥቆማ ማኮብኮቢያውን ለአጭር ጊዜ ሊያዘጋ ይገባል፤ ተጨማሪ ማረጋገጫ ሳይገኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊያዘጋው አይገባም። እንዲህ ካልሆነ አንድ ሰው ድሮን እንኳ ሳይገዛ፣ በስልክ ጥቆማ ብቻ አውሮፕላን ማረፊያ መዝጋት ይችላል።

ስለ ሕግ በአጭሩ ልለፍ። በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ፣ አብራሪ አልባ አውሮፕላኖች ለሲቪል አውሮፕላኖች አደጋ እንዳይሆኑ አገሮች እንዲቆጣጠሯቸው ያዛል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ግዴታ ነው። ብሪታኒያ ከጋትዊክ በኋላ በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ያለውን የተከለከለ ክልል ከ1 ኪሎ ሜትር ወደ 5 ኪሎ ሜትር አስፍታለች። ጥሩ ነው፤ ግን ክልሉ መኖሩን ያላወቀ ሰው እንዴት ያከብረዋል?

ይህ ጥያቄ አንድ ወጣት ያስታውሰኛል። ከአጥሩ ውጪ በድሮን አውሮፕላን ሲቀርጽ ተይዞ ነበር፤ ዕድሜው አሥራ ሰባት ቢሆን ነው። ሪሞቱን በሁለት እጁ አቅፎ ያለቅሳል። የቀረጸውን አሳየን፤ የአውሮፕላኑ ሆድ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቶ የጎማዎቹ ጥርሶች ሊቆጠሩ እስኪደርሱ ድረስ ቀርቦ አለፈ። እሱ ያየው ውበቱን ነበር፤ እኔ ያየሁት በስንት ሜትር እንደ ሳተው ነበር። ማማው ላይ አውጥቼ ከጎኔ አስቀመጥሁት፤ ሁለት አውሮፕላኖች ሲያርፉ አብረን አየን፤ በሁለቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ከሰሌዳው አንብቤ ነገርሁት፤ 312። ዝም ብሎ ቁጥሩን በከንፈሩ ደገመው።

የዛሬዎቹ የድሮን ባለቤቶች፣ ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወረቀት እንድትወስዱ እጠይቃችኋለሁ። በአንድ በኩል የተከለከለውን ክልል የሚያሳይ ካርታ አለው። በሌላው በኩል አንድ ሰው ድሮን አየሁ ብሎ ሲደውል የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች ተጽፈዋል፦ የት ቆመህ አየህ? በየት አቅጣጫ? በስንት ሰዓት? ለምን ያህል ጊዜ ታየህ? ከመብራቱ ሌላ አካሉን አይተሃል? የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ ያን ምሽት አብራሪውን ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ። የቴክኒክ ባልደረቦቼ የሞገድ መቀበያውን ከአዳራሹ ጀርባ ተክለውታል፤ ከጥያቄና መልሱ በኋላ የሙከራ ድሮን አስነሥተው ሪሞቱ ያለበትን ቦታ እንዴት እንደሚያገኘው ያሳዩአችኋል። እስከዚያው ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።